የአባቴ አሸንዳና የአዮ ኮፈን

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ነጌሌ ውስጥ ጂኦግራፊ በማስተማር ነው። ሰኔ ላይ ለፈተና ሲከልስ ሰሌዳው ላይ «ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው» ብሎ በትልልቁ ይጽፋል፤ በተሰበረው መስኮት የሚገባው አቧራ ደግሞ እግር በእግር እየተከተለ ጽሑፉን ይሸፍንበታል። ግማሾቹ ተማሪዎች ከሊበን ገጠር ከከብት ኋላ የመጡ ናቸው። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ከእሱ አሳምረው ቢያውቁም ማርክ የሚሰጠው እሱ ነውና «ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም» ብለው ጽፈው ያልፋሉ። መጽሐፉ ውስጥ «ደቡቡ ከዚህ ይለያል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አባቴ እሷን ቶሎ ብሎ ያነብባትና ገጹን ይገልጣል።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ጋ ትልቁ ዝናብ መጋቢት ላይ ጀምሮ ግንቦት ላይ ያበቃል። ሀጋያ የሚባለው ትንሹ መስከረም ሊያልቅ ሲል መጥቶ ኅዳር ላይ ይሄዳል፤ እሱም ደስ ካለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ይደምናል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውን ያጓጓል፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። አባቴ ከጎጃም በወጣትነቱ ወጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ እዚሁ ሸብቶ፣ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ጃንጥላውን ከሳጥን ያወጣ ነበር። ጃንጥላው ለአቧራ ይጠቅመው እንደሆነ እንጃ።

ቤታችንንም ያሠራው ዝናብ በሌለበት ወር ነው። አናጺው «ጋሼ፣ ውሃው በየት በኩል ይውረድ?» ብሎ ሲጠይቀው በረንዳው እንዳይረጥብበት አሰበና «በጓሮ» አለው። ጓሮ ግን አልነበረንም። የኋላው ግድግዳ ያረፈው ወሰኑ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ግቢ ነው። ቆርቆሮው ወደዚያው አዘንብሎ ተመታ፣ ሰማይ የሰጠንም ውሃ ሁሉ ተንደርድሮ እሰው ቤት ያርፍ ጀመር።

ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ቦረና ናት። መንገድ ዳር ሻይና ወተት ትሸጣለች፤ ግቢዋ ውስጥ ደግሞ ከእሷ ጋር ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ፍየሎች አሏት። ሰፈሩ በሙሉ «አዮ» ይላታል፣ በኦሮምኛ እማዬ እንደማለት ነው። እኛ ልጆቹ እንደ እናታችን «አንቺ» እንላታለን። አባቴ ጨዋ ነኝ ባይ ስለሆነ «አንቱ» ይላታል። እሷ ግን አማርኛ ስትናገር አንድ «አንተ» ብቻ ነው የምታውቀው፤ ለአባቴም፣ ለወረዳው አስተዳዳሪም፣ ለእኔ ለሴቷም፣ ለፍየሎቿም እሱው ነው።

አዮ የእኛ ጣሪያ በጎ አድራጊነት ገና በመጀመሪያው ዝናብ ገብቷት ነበር። ከጠርዙ ሥር፣ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት ልክ፣ ቤት ያፈራውን ዕቃ ሁሉ ደረደረች። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ እጀታ የሌለው ሳፋ። ከሁሉም በላይ ግን የአሮጌ ጭነት መኪና ኮፈን ነበራት። መኪናው ሞያሌ መንገድ ላይ ተገልብጦ የቀረ ነው። ኮፈኑ እንዴት እሷ ጋ እንደደረሰ እኔ አላውቅም፣ የጠየቃትም የለም። በጀርባው ተጋድሞ ፍየሎቹ የሚጠጡበት ገንዳ ሆነ። ሲዘንብ ሁሉም ዕቃ በየራሱ ድምፅ ይጮሃል፤ እኛም ከግድግዳው ወዲህ ተኝተን የትኛው እንደሞላ በጆሯችን እንለይ ነበር።

ለእኛ ደስ የሚለው ድምፅ አባቴን እንቅልፍ ይነሳዋል። እሱ በተወለደበት አገር ጠፈጠፍህ በሰው መሬት ላይ ከወረደ ነገሩ የዝናብ አይደለም፣ የወሰን ነው። ክሱ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ዱላም ይመዘዝበታል። ስለዚህ አዮ በሆዷ ቂም ቋጥራ እንደያዘችበት እርግጠኛ ነበር። ሌሊት ዘንቦ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ከአጥሯ ወዲያ «አካም ቡልተ ባርሲሳ! ጣሪያህ ይባረክ!» ትለዋለች። አካም ቡልተ እንደምን አደርክ፣ ባርሲሳ መምህር ማለት ነው። አባቴ «ናጋ፣ ናጋ»፣ ሰላም ሰላም፣ ብሎ ይመልስና ወደ እናቴ ዞሮ «ሰማሻት? እየወጋችኝ እኮ ነው» ይላል። ምርቃት ሲመርቁት ስድብ የሚፈልግ ሰው ነበር።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ ከቤታችን ጥግ አጠገብ፣ አጥሩ ላይ አንዲት ክፍተት ነበረች። በር አይደለችም፣ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ናት። ጠዋት የወተት ቅሉ በዚያ ይመጣል፤ ማታ እናቴ በዚያ ትሄዳለች። እናቴ እህት አልነበራትም። የመጨረሻዋን ልጅ ወልዳ ስትታመም ያጠበቻት፣ ያበላቻት፣ ሌሎቻችንንም ሰብስባ ያሳደረችን አዮ ናት። ሲያወሩ ግማሹን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፣ የሚስቁት ደግሞ ሁልጊዜ በኦሮምኛው ላይ ነው። አባቴ «ምን አለች?» ሲል እናቴ «ስለ ፍየል ነው» ትለዋለች። ስለ እሱ መሆኑን እኛ ሁላችን እናውቃለን።

ከዚያ አባቴ ጡረታ ወጣ።

ሥራ መፍታት አልተስማማውም። መጀመሪያ ቤት ያለውን ወንበር ሁሉ ጠገነ፤ ደህና የነበሩትንም ጠግኖ አነቃነቃቸው። ቀጥሎ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ለእናቴ ያስረዳት ጀመር። እናቴ «አምላኬ ሆይ፣ ለዚህ ሰውዬ ሥራ ስጥልኝ» ብላ ጸለየች። አምላክም ሰማትና አሸንዳውን ሰጠው።

የአዮ ወንድም ሊበን ገጠር ልጁን ሊድር ነበርና አዮ እናቴን ይዛት በጭነት መኪና ሄዱ። አባቴ ያገኘው ዕድል ይህ ነው። «ሲመለሱ ያገኙታል» አለኝ እጁን እያፋተገ። «ይህን ኃጢአት ተሸክሜ አልሞትም። ከእንግዲህ የሴትዮዋ ግቢ በእኔ ውሃ አይጨቀይም።» ጊዜው ሐምሌ መግቢያ ስለነበር ክረምት ሳይቀድመው ለመጨረስ ይጣደፋል። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርኩና መሰላል ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሐሳቤን ግን የጠየቀኝ የለም።

ከገበያ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አመጣ። ሰውዬው ምድጃ ይሠራል፣ ባልዲ ይጠግናል፤ አሸንዳ ሰቅሎ እንደማያውቅ ግን ገና መሰላሉን ሲወጣ ያስታውቃል። ላሜራውን አጥፎ፣ በሚስማር ጠርቆ፣ በጠርዙ ሥር ከዳር እስከ ዳር ሰቀለው። አባቴ ልሞክረው ብሎ ባልዲ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው ተኛ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም። አውርደው እንደገና ሰቀሉት፤ አሁን ውሃው መሄድስ ሄደ፣ ቱቦው ወደሌለበት ወገን። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተሰቀለ። ውሃው ከአህያ ጋሪ የተቀዳ ነው። ሕዝብ ጀሪካን ይዞ ጋሪ በሚያሳድድበት በደረቁ ሐምሌ፣ ጡረተኛው መምህር ጣሪያው ላይ ቆሞ ውሃ ሲደፋ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ አየ። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው የለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

በመጨረሻ ተሳካ። አሸንዳው ውሃውን ከኋላ ሰብስቦ፣ በጥጉ ባለው ቱቦ አዙሮ፣ በእኛ ግቢ ከሞያሌ ተጭኖ ወደመጣ ጥቁር ታንከር ያወርዳል። አባቴ ታንከሩን የድንጋይ መደብ አሠርቶ አስቀመጠውና ዙሪያውን እየዞረ በጣቱ ይመታው ነበር፤ ከከብት ገበያ በሬ ገዝቶ የመጣ ሰው ይመስላል።

እናቴና አዮ አቧራ ለብሰው ከመኪና ሲወርዱ ጥጉ ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጠበቃቸው።

«ይኸው አዮ! ከእንግዲህ የእኔ ጣሪያ ውሃ በግቢዎ አይወርድም!»

አዮ አሸንዳውን በዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ቱቦውን አየች፣ ታንከሩን አየች። ከዚያ ባዶ ኮፈኗን አየች።

«ጠብታ እንኳ?» አለችው።

«ጠብታ እንኳ!» አለ አባቴ ፊቱ በርቶ።

«ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ዕቃዋን አንስታ ገባች።

«አያችሁ?» አለን አባቴ። «ከደስታ ብዛት ቃል አጠራት።»

እናቴ የያዘችው የቅቤ ቅል ከእጇ ወደቀ። «ምን አደረግክ አንተ ሰው?»

«መብቷን አስከበርኩላት።»

«ውሃ ከለከልካት! ዕድሜህን ሙሉ ከቦረና ጋር ኖረህ ይህን አታውቅም? ጠላት እንኳ ቢሆን ወረፋ ያስይዙታል እንጂ ውሃ የለህም አይሉትም። በገዛ አፍህ፣ ፊት ለፊቷ፣ ጠብታ እንኳ አልካት!»

«ከለከልኩ? የራሴን ጠፈጠፍ ሰበሰብኩ!» አለ አባቴ። ደሞ እኮ ከልቡ ነው። «ዝናቡ ሲመጣ ግቢዋ አለመጨቅየቱን አይታ ራሷ ታመሰግነኛለች።»

በማግስቱ ክፍተቷ በእሾህ ተዘግታ አደረች። ወተቱም ቀረ።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። አባቴ በየጠዋቱ ወደ ሰማይ አንጋጥጦ፣ ቀጠሮ ያልጠበቀ ሰው እንደሚወቅስ ራሱን ይነቀንቃል። ክረምቱ እንደ ልማዱ እሱ ጋ አልመጣም። ከአጥሩ ወዲያም «አካም ቡልተ» የሚል ድምፅ ጠፋ። ቦረና ናጋ የነሳህ ዕለት ሌላ ስድብ አይጨምርብህም፣ አያስፈልግማ። ወሬው በየሻይ ቤቱ ዞረ። «ባርሲሳ ውሃ ከለከለ» ይባላል። ድሮ ከሩቅ አይተውት ኮፍያቸውን ያወልቁ የነበሩ ተማሪዎቹ አሁን ሲያገኙት ጫማቸውን ያያሉ። ባለ አህያ ጋሪው እንኳ እኛ በር ሲደርስ «እናንተማ ታንከር አላችሁ» ብሎ አህያውን መታ አድርጎ ያልፋል። ታንከሩ ባዶ ነበር።

ሀጋያ መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የኋላችን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። በርሜሉም፣ ሳፋውም፣ ኮፈኑም አልጮኹም። አዮ ኮፈኗን ጎትታ ግቢዋ መሃል፣ ከሰማይ በቀጥታ የሚወርደው ይበቃኛል እንደማለት፣ ብቻውን አስቀምጣዋለች። የተጠራቀመበት ለአንዲት ዶሮ የሚሆን ነው።

የእኛ ታንከር ግን ሞላ፤ አባቴም በፍቅር ወደቀ። ይህን መደበቅ አይቻልም። ጠዋት ይታጠባል፣ ከሰዓት ይታጠባል፣ በመካከል ታንከሩን እያንኳኳ ውሃው የት እንደደረሰ ያዳምጣል። ከፍትሕ የጀመረው ነገር የት እንደደረሰ እሱም የገባው አይመስለኝም። አንድ ቀን ልቡ ራራና ጀሪካን ሞልቶ «ውሰጂላት፣ ስጦታ ነው በያት» ብሎ ላከኝ። አዮ በር ላይ ቆማ ጀሪካኑን በእግሯ ወደ እኔ መለሰችው።

«ውሃ ስጦታ ነው እንዴ? አባትህ ውሃን እንደ ቡና ሲሻቸው የሚሰጡት ነገር መሰለው? ሂድ ልጄ፣ አንተ ጥፋት የለህም።» ከዚያ ስማኝ ገባች።

በዚህ ሁሉ ያለቀችው እናቴ ናት። ማታ ማታ ወደ ጥጉ ትሄድና የተዘጋው እሾህ ፊት ቆም ትላለች፤ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። ኦሮምኛ ከቤታችን ጠፋ። ሳቋም አብሮ ጠፋ። ስታነጥስ እንኳ ድምፅ አታሰማም። እንደዚያ ሳያት አሸንዳውን በእጄ ገንጥዬ የአባቴ አንገት ላይ ብጠመጥመው ደስ ባለኝ።

«አፍርሰው» አለችው አንድ ቀን።

«ካፈረስኩት አጥፍቻለሁ ማለት ነው» አለ።

«አጥፍተሃላ!»

«በምን ሕግ?»

እናቴ ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። የሄደችው ሕግ ፍለጋ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ይዛ መጣች። ሁሉም ቦረና፣ ሁሉም በትር የያዙ፣ ሁሉም የማይቸኩሉ። በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ረጅም ምርቃት መረቁ። ከብቱን፣ ሣሩን፣ ልጁን፣ ዝናቡን መርቀው ሲጨርሱ አባቴ የሚያስረዳ ሥዕል አዘጋጅቶ ብድግ አለ። ጣሪያውን ከነማዕዘኑ ሥሎ ቀስት አድርጎበታል። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ተቀባብለው አዩት፣ ገልብጠውም አዩት፣ አመስግነው መለሱለት። ከዚያ ተነሥተው አሸንዳውን ራሱን ሄደው አዩ። ዋነኛው በበትሩ ጫፍ ቱቦውን ነካ ነካ አደረገ። አዮ ከእሾሁ ወዲያ፣ እናቴ ከእሾሁ ወዲህ ቆመዋል። አይተያዩም።

«ዝናቡ የማነው?» አለ ዋነኛው።

«የእግዚአብሔር ነዋ!» አለ አባቴ።

«ጣሪያውስ?»

«የእኔ።»

«ይህን ቆርቆሮስ የሰቀለ ማነው?»

«እኔ ነኝ። እንዲያውም ሦስቴ ነው የሰቀልኩት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ቆየት ብለው ነገሩን ዘረጉት። እነሱ አገር የውሃ ጉድጓድ የቆፈረ የጉድጓዱ አባት ይባላል። አባት ስለሆነ ግን ውሃውን አይከለክልም፤ ወረፋውን ያስጠብቃል፣ ሰውን በየተራው ይጠራል። ይህ ቆርቆሮ እንግዲህ ወደ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ ባርሲሳም አባቱ ነው። አሸንዳው አይፈርስም። ቱቦው ግን ወደ አጥሩ ይዞራል። እሾሁ ይነሣል፤ ኮፈኑ ከአጥሩ ሥር ይገባል፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ። ሲዘንብ መጀመሪያ የምትቀዳው አዮ ናት፣ ከጥንትም የለመደችው ውሃ ነውና። እሷ ስትጨርስ ቱቦው ወደ ታንከሩ ይዞራል።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይሁን።»

«አልጨረስንም» አለ ሽማግሌው። «ውሃው በመጣ ቁጥር ወጥተህ ትጠራታለህ። ቢሻን ዱፌ ትላለህ። ውሃ መጣ።»

«እጠራታለሁ?» አባቴ ወደ ቆርቆሮው አመለከተ። «ይህ ነገር ሲዘንብበት ከተማው በሙሉ ይሰማል እኮ! ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«መስማቱንማ ትሰማለች» አለ ሽማግሌው በእርጋታ። «አንተ ግን አልጠራሃትም።»

አባቴ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ጂኦግራፊ ለዚህ መልስ አልነበራትም።

የመጀመሪያው ጥሪ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ሰው ሁሉ በየአጥሩ ተሰለፈ። ዝናቡ ወረደ። አባቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ጥጉ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቢሻን ዱፌ!»

አዮ በሯ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ሁላችንም እያየናት ነው፤ እሱም እያያት ነው።

«ቢሻን ዱፌ!» አለ እንደገና፣ አሁን ለክፍሉ በሙሉ በሚጮህበት ድምፅ።

«ኤኙ?» አለች አዮ። ማነው ማለቷ ነው።

«ባርሲሳ ነኝ!»

«የትኛው ባርሲሳ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ውሃው ከኮፈኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ አባቴ በጎጃም አማርኛ ለራሱ ያጉተመትማል። «ጎረቤትሽ! ጎረቤትዎ!» አለ በመጨረሻ፤ ተናዶ አንቱታው ሁሉ ተምታታበት። አዮ ያን ጊዜ ባልዲዋን አንስታ፣ ቀስ ብላ፣ እየረጠበች መጣች። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት የሳቋን ድምፅ ነው፤ ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። በማግስቱ ወተቱ መጣ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። በየዝናቡ አባቴ ይጠራል፣ በየዝናቡ አዮ ሁለቴ ታስጠራዋለች። መጀመሪያ ሲጠላው ኖረ፣ ኋላ ለመደው፣ ከዚያ ጭራሽ ባሰበት። ካፊያ ካፍ ሲል ይጠራ እንደሆነ፣ አይጠራ እንደሆነ ይጨነቃል። አንዴ በባዶ ደመና ጠርቷት ባልዲዋን ይዛ ወጥታ ስታጣ «ጉድጓድህ ይዋሻል» ብላ ለሳምንት አሾፈችበት። ሰኔ ላይ ጃንጥላ ማውጣት ተወ። መጋቢት ሲገባ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ወደ ሊበን ሰማይ ያይ ጀመር፣ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው። ዝናብ የቀረባቸው ክፉ ዓመታትም መጡ፤ የአዮ ፍየሎች ተመናመኑ፣ ታንከሩ ውስጥ ነፋስ ገባ። ያኔ አባቴ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥጉ ሄዶ ደረቁን ኮፈን እያየ ይቆማል፤ የጎደለው ውሃው ብቻ አልነበረም። አዮም ከወዲያ መጥታ ትቆማለች። «ቢሻን አልዱፌም» ይላታል በራሱ ሰዋስው። «አየሁ» ትለዋለች።

እኔ ሻኪሶ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው ስልክ የተደወለልኝ። አባቴን ስትሮክ በአንድ ጎኑ መታው። ስደርስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከድተውታል፤ አንደበቱ ተይዟል። ያ የሰማይን ደመና ሁሉ በአራት ዓይነት ከፍሎ የሚያስተምር ሰው፣ አሁን «ውሃ» ማለት አቅቶት ጽዋውን በዓይኑ ያሳያል። አዮ በክፍተቷ እየመጣች ወተት ታጠጣዋለች፣ በኦሮምኛ ታዋራዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሰው እንዲያየው አልፈለገም። ሐኪሙ «ካልሞከረ አይመለስለትም» ብሎን ነበር። አልሞከረም። አንዲት ድምፅ እንኳ አላወጣም። እናቴ ማታ ማታ «ልቡ ሞቷል» ትለኛለች።

ሀጋያ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባ። ቆርቆሮው መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ከዚያ አገሳ። አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰና እኔን አየኝ። ዓይኑ በሩን ያሳያል።

«እሺ አባባ፣ እጠራታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቱቦው ውሃውን ኮፈኑ ላይ ይገለብጠዋል። አዮ አስቀድማ ወጥታ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ባልዲዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። እርጅና ተጭኗታል፣ ዝናቡ ሻሿን አልፎ ፊቷ ላይ ይወርዳል።

«ቢሻን ዱፌ!» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም።

«አዮ፣ ቅጂ እንጂ! እየፈሰሰ ነው!»

«አንተ የጉድጓዱ አባት ነህ?» አለችኝ። «እሱ ሳይጠራኝ አልቀዳም።»

«መናገር አይችልም እኮ! ታውቂያለሽ!»

«አልቀዳም።»

አሮጊቷን ይዤ ብነቀንቃት በወደድኩ። ኮፈኑ ሞልቶ ውሃው በሁለቱም ግቢ ይሄዳል፣ እሷ ባዶ ባልዲ ይዛ እንደ ምሰሶ ተገትራለች። ወደ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት እናቴ አልተናደደችም። ነጠላዋን አደግድጋ «ያዢልኝ» አለችኝ።

አባቴን ከነወንበሩ አነሣነው። እንደዚያ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ለሁለት ሴቶች ምንም አልሆነም፣ እኔንም ያስለቀሰኝ ቅለቱ ነው። ጃንጥላውን በላዩ ዘርግተን፣ ጭቃውን አቋርጠን ጥጉ ላይ፣ ቱቦው አጠገብ አስቀመጥነው። አዮን አያት። አንገቱን ሰበረ። ከዚያ በደህናው በኩል ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ከሆዱ የወጣ አንድ ድምፅ አሰማ። ቃል አልነበረም። በር ሲጎተት የሚያሰማውን ይመስላል።

አዮ ባልዲዋን በሌላ እጇ ያዘችና፣

«ኤኙ?» አለች።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ቀና አለ። ፊቱ በግማሹ ተቆጣ፣ በዚያው በግማሹ ደግሞ ሲስቅ አየሁት። ትንፋሹን ሰበሰበና እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጠንከር አድርጎ፣ ያንኑ ድምፅ ጮኸ።

«የትኛው ባርሲሳ?» አለችው አዮ፣ እያለቀሰች፤ መልስ ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ መቅዳት ጀመረች።